ለአባባ የገዛሁት የመሮጫ ማሽን

አባባን ስትሮክ የመታው ጥቅምት ውስጥ ነው። እኔ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የሌሊት ሺፍት ላይ ነበርኩ። እህቴ ስትደውል መጀመሪያ ያለችኝ "አይዞሽ፣ ተርፏል" ነው። የሆነውን የነገረችኝ ከዚያ በኋላ ነው። ግራ እጁና ግራ እግሩ ዝሏል። አንደበቱ ትንሽ ይያያዛል። ሰው ግን ይለያል። ስልኩን ዘግቼ ወደምንከባከባቸው አሮጊት ተመለስኩ። አገላበጥኳቸው፣ አንሶላቸውን ቀየርኩ፣ ሲነጋ መድኃኒታቸውን ሰጥቼ ወጣሁ። ያለቀስኩት መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ነው። 11 ዓመት ሙሉ የሰው እናትና አባት ሳነሳ ሳስተኛ ኖሬ፣ የራሴን አባት ደግፎ ሽንት ቤት ያደረሰው ጎረቤት ነው።

እዚያ አገር ወላጅ በጠና ሲታመም የሚወሰድ ፈቃድ አለ። መሥሪያ ቤቱ 50 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ካለው፣ ሰውየውም ዓመት ከሞላው፣ እስከ 12 ሳምንት ሄዶ ቢመለስ ሥራው ይጠብቀዋል። ደመወዝ ግን የለውም። ያጠራቀምኳትን ቆጥሬ፣ የቤት ኪራይ አስቀድሜ ከፍዬ፣ ኅዳር ሲገባ ደብረ ብርሃን ደረስኩ።

አባባ በር ላይ ወንበር አስወጥቶ ባናውን ተከናንቦ ይጠብቀኝ ነበር። ሲያየኝ ሊነሳ ሞከረ። እግሩ አልታዘዘውም። "ልነሳልሽ ነበር እኮ፣ እናቴ" አለኝ። ይህ ሰው ልጅ ሆኖ ከመንዝ ደብረ ብርሃን ሦስት ቀን በእግሩ ተጉዞ የመጣ ነው። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቀጥሮ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ማለዳ በእግሩ ሄዶ ማታ በእግሩ ነው የተመለሰው።

የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት ነገሩን ግልጽ አድርጎ ነገረን። መራመድ አለበት። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ሳያቋርጥ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ወሳኝ ናቸው፤ የተጎዳው አንጎል እግሩን እንደገና ማዘዝ የሚማረው በድግግሞሽ ነው አለን።

ግን የት ይራመድ? ደጃችን ኮብልስቶን ነው፣ ድንጋዩ ወጣ ገባ ይላል። ባጃጁ አለ፣ ጋሪው አለ። ከተማችን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠችው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል፣ ውርጩ ሲለቅ ደግሞ ነፋሱ ይቀበላል። ከሁሉም በላይ ግን እሱ ራሱ መውጣት አልፈለገም። "እንዲህ እየጎተትኩ ሰው አይየኝ" አለ። ለመንኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የመሮጫ ማሽን ያሰብኩት ያኔ ነው። በሥራዬ ምክንያት ታካሚ ይዤ ማገገሚያ ማዕከል ስሄድ አይ ነበር። ስትሮክ የመታውን ሰው ከላይ በቀበቶ አንጠልጥለው ይይዙታል፣ ማሽኑ እንደ ኤሊ ይንፏቀቃል፣ ባለሙያው ጎንበስ ብሎ ደካማውን እግር በእጁ እያነሳ ያራምደዋል። ያ ነገር በዓይኔ ላይ ቀርቶ ነበር። እኔ ግን ቀበቶውንም ባለሙያውንም ትቼ ማሽኑን ብቻ ነው ያሰብኩት።

አዲሱ ዋጋው አይቀመስም። ያገለገለ ልፈልግ አልኩ። ሜሪላንድ ውስጥ ሰዎች ቤት ሲለቁ እንዲህ ያለውን ማሽን ደጅ አውጥተው "በነጻ ውሰዱ" የሚል ወረቀት ይለጥፉበታል፣ አብዛኛውን ጊዜም ደህና ነው። ያገለገለ ዕቃ ላይ ያለኝ እምነት ከዚያ የመጣ ነው። አንድ ደላላ "ከአሜሪካ የመጣ፣ ሰው ያልነካው አለ" አለኝ። 35,000 ብር።

የማሽኑ ባለቤት ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ናቸው። ማሽኑ ሳሎን ጥግ ቆሟል፣ መያዣው ላይ ነጠላና ጋቢ ተሰቅሎበታል። ልብሱን አነሱና ሰኩት። ላስቲኩ ለስለስ ባለ ድምፅ ዞረ። ቆሜ አየሁት። አልወጣሁበትም፤ በሰው ሳሎን በጫማዬ ልውጣበት ማለት አሳፈረኝ። ይህቺን ደቂቃ ደጋግሜ አስባታለሁ። ሰው ካልቆመበት የተበላሸ ማሽንም ደህና ይመስላል።

አራት ወጣቶች ተሸክመው ጋሪ ላይ ጫኑት። ፈረሱ ዳገቷ ላይ ሁለት ጊዜ ቆመ።

ዕቃው ከትራንስፎርመር ጋር ነበር የተሰጠኝ። የአሜሪካ ዕቃ በ120 ቮልት ነው የሚሠራው፣ የኛ መብራት 220 ነው። አባባ አልጋው ላይ ሆኖ እያየኝ መጀመሪያ እኔ ወጣሁበት። 74 ኪሎ ነኝ። ሁለት ደቂቃ ደህና ሄደ። ከዚያ ላስቲኩ ከእግሬ ሥር ያዝ ለቀቅ ማድረግ ጀመረ። እግሬ ሲያርፍበት ይቆማል፣ ሳነሳ ሸርተት ብሎ ይቀጥላል። ሰባት ደቂቃ ሳይሞላ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ትራንስፎርመሩን ስነካው እንደ ምጣድ ግሏል። ወዲያው ብሬከሩ ወደቀና ቤቱ ጨለመ።

የሠፈራችን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጣ። ማሽኑን አጋድሞ ከፊት በኩል የተለጠፈችውን ጽሑፍ አነበበልኝ፤ 120 ቮልት፣ 15 አምፒር። ሲባዛ 1,800 ዋት ነው። ትራንስፎርመሩ ላይ የተጻፈው 1,000 ነው። "እህቴ፣ ይሄ እኮ ለቴሌቪዥን የሚሆን ነው" አለኝ። ባዶውን ሲዞር ይችለዋል። ሰው ሲወጣበት ሞተሩ ብዙ ይስባል፣ ያኔ ይነዳል።

ባለ 3,000 ዋት ትራንስፎርመር ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። 11,000 ብር። ሽታው ቀረ፣ ያዝ ለቀቁ ግን አልቀረም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ላስቲኩን ገልጦ እጄን ከሥሩ እንዳስገባ አደረገኝ። ደረቅ ነው። በላስቲኩና በጣውላው መካከል የሲሊኮን ቅባት መኖር ነበረበት፤ ደርቆ አልቋል። ጣውላውም መሃል ለመሃል ተፍቋል፣ በጣት ይታወቃል። "የመኪና ዘይት እናፍስበት?" አለኝ። አይሆንም አልኩት፣ የነዳጅ ዘይት ላስቲኩን ይጎዳዋል።

ፍጥነቱም አለ። ዝቅተኛው ቁጥር 1.0 ነው የሚለው። ቁጥሩ ግን ማይል ነው፣ በሰዓት 1.6 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ለጤነኛ ሰው ይህ ምንም አይደለም። አባባ ያን ሰሞን ከአልጋው እስከ በሩ ያለችውን ስድስት እርምጃ ለመሄድ ግማሽ ደቂቃ ይፈጅበት ነበር። ለእሱ ሩጫ ነው።

የመጨረሻውን ያገኘሁት ማታ ስወለውለው ነው። ቁጥሮቹ ካሉበት ሰሌዳ ሥር ጥቁር ፕላስተር ተለጥፏል። ላጥኩት። ከሥሩ ከድምፅ ማጉያ የተነቀለ ክብ ማግኔት ወጣ። እነዚህ ማሽኖች የደኅንነት ቁልፍ አላቸው። ማግኔት ያለባት ትንሽ ቁልፍ ናት፣ በክር ታስራ በመቆንጠጫ ልብስ ላይ ትያያዛለች። ሰው ሲወድቅ ክሩ ቁልፏን ይነቅላታል፣ ማሽኑም ቀጥ ይላል። እዚህኛው ላይ ቁልፏ ጠፍታ በቦታዋ ማግኔት ተለጥፏል። ሰው ወድቆ መሬት ላይ ቢሆንም ማሽኑ መዞሩን አይተውም። ማግኔቱን በመዳፌ ይዤ ቁጭ አልኩ። አባቴን እዚህ ላይ ላቆመው ነበር።

በማግስቱ ተናድጄ ወደ ሴትየዋ ሄድኩ። ቡና አፍልተው ነበር። ማግኔቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አዩትና ዝም አሉ።

"ቁልፊቱ ጠፍታብኝ ነው፣ ልጄ። አንድ ልጅ ነው እንዲህ አድርጎ ያስነሳልኝ። እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን መች አወቅሁ።"

ስኳር አለባቸው። ልጃቸው ቨርጂኒያ ነው። ሐኪም ተራመጂ አለኝ ሲሉት ያገለገለ ማሽን ገዝቶ፣ በመርከብ በጅቡቲ አስጭኖ፣ ቀረጥ ከፍሎ ላከላቸው። "ሁለት ቀን ወጣሁበት፣ በሦስተኛው ጣለኝ" አሉኝ፣ ክንዳቸውን ገልጠው እያሳዩኝ። "ከዚያ ወዲህ ሲደውል 'እማዬ፣ ዛሬ ተራመድሽ?' ይለኛል። 'አዎ፣ ተራመድኩ' እለዋለሁ። ምን ልበለው? ደብል እየሠራ ነው የላከው።"

መሸጡንም አልነገሩትም። ወደ ጓዳ ገብተው 10,000 ብር ቆጥረው አመጡና "ይሄን ያዢ፣ ለትራንስፎርመሩ ይሁንሽ" አሉኝ። ተቀበልኳቸው። ብሩ ያስፈልገኝ ነበር፣ እሳቸውም ባልቀበል ይከፋቸው ነበር።

ስመለስ አባባ ጫማውን አድርጎ፣ ሹራቡን ደርቦ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። እህቴን ጫማ አድርጊልኝ ብሏት ነው። "በይ ልሞክረው" አለኝ።

"አባባ፣ ይህን ማሽን ወደኸዋል?"

ትንሽ ዝም አለ። "እፈራዋለሁ" አለኝ። "ግን ይህን ሁሉ ገንዘብ አፍስሰሽበት እንዴት እምቢ እላለሁ?"

የሴትየዋ ነገር ጆሮዬ ላይ ነበር። ብድግ ብዬ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። የዛሬ አራት ዓመት የላክሁለት የደም ግፊት መለኪያ ከነካርቶኑ ልብስ ሥር ተቀምጧል። ባትሪዎቹ ከላስቲካቸው አልወጡም። እኔ በየእሁዱ ስደውል "ግፊትህን ለካህ?" እለዋለሁ፣ እሱ ደግሞ "120 በ80 ነው፣ እንደ ወጣት ነኝ" ይለኝ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ። ስትሮክ ከሚያመጡት ነገሮች ቀንደኛው የደም ግፊት መሆኑን እኔ በሥራዬ አውቃለሁ፣ በየሌሊቱ የማላውቃቸውን ሰዎች ክንድ እየጠቀለልኩ እለካለሁ፣ ለአባቴ ግን ዕቃውን ልኬ እንዴት እንደሚጠቀለል አንድ ቀን ተቀምጬ አላሳየሁትም።

"አነባበቡ አልገባኝም ነበር" አለኝ። "አንቺን በሰው አገር ላስጨንቅሽ?"

አጠገቡ ተቀምጬ መለኪያውን ከካርቶኑ አወጣሁት። በደህናው ክንዱ ላይ ጠቀለልኩለት። 164 በ96። መድኃኒት እየወሰደ ነው ይህ። በማግስቱ ሐኪሙ ጋ ይዘነው ሄድን፣ መጠኑን አስተካከለለት።

ለእናት ለአባት እንዲህ ያለ ማሽን ለመላክ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ጠይቋቸው። ደግማችሁ ጠይቋቸው፤ የመጀመሪያው መልስ ለእናንተ ተብሎ የሚሰጥ ነው። ያገለገለ የምትገዙም ጫማችሁን አውልቃችሁ ውጡበት፣ ሃያ ደቂቃ ተራመዱበት፣ ላስቲኩን ገልጣችሁ ዳስሱት፣ ቁልፏን ነቅላችሁ ሲቆም እዩ። መብራት ድንገት ሲሄድ ላስቲኩ ባንዴ እንደሚቆምም አስቡ። የኛን መብራት ታውቁታላችሁ።

ማሽኑን ብረት የሚበይድ ሰው ለሞተሩ ብሎ በ9,000 ብር ወሰደው፣ ሞረድ ሊያዞርበት ነው። ጉድለቱን አንድ በአንድ ነግሬዋለሁ።

"ታዲያ ምን ላድርግልህ?" አልኩት አባባን።

"እጄን የምጥልበት ነገር" አለኝ።

አናጢ ጠራን። የባሕር ዛፍ አጣና ላገና በእሱ ወገብ ልክ ከበረንዳው ግድግዳ ጋር አሰረው። ዘጠኝ ሜትር ነው። ነፋስ እንዳያገኘው በውጭ በኩል ሸራ ሰቀልንለት፤ ሸራው ደግሞ ከመንገደኛ ዓይን ይከልለዋል። የመጀመሪያው ቀን እስከ ጫፍ አልደረሰም። እኔ በግራ በኩል ሆኜ እግሩን በእጄ አነሳለት ነበር፣ ማገገሚያ ማዕከል ውስጥ እንዳየሁት ሰውዬ። በአምስተኛው ሳምንት ደርሶ መመለስ ቻለ። በኋላ ራሱ አንድ ዘዴ አመጣ። ደካማው እጁ ላይ መቁጠሪያውን ያንጠለጥላል፣ አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ሲሄድ አንዷን ፍሬ በአውራ ጣቱ ይገፋታል፣ ኪርያላይሶን ይላል። አውራ ጣቱም እንዲህ እያለ ነው መታዘዝ የጀመረው። ስለየው በቀን 41 ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ይሄድ ነበር፣ 369 ሜትር ነው።

12 ሳምንቱ አልቆ ከተመለስኩ ሁለት ወር ሆነኝ። አሁን እሁድ እሁድ በቪዲዮ ነው የምንገናኘው። ከመናገሩ በፊት መለኪያውን ወደ ካሜራው አዙሮ ያሳየኛል። ባለፈው እሁድ 138 በ84 ነበር።