የሚገዛ ድምፅ

የአክስቴ ልጅ ዛሬ ማታ ከደሴ ደወለልኝ። "ጋሼ፣ የሰኞ ገበያ ፎቶዎቼን ስቲም ላይ ልለጥፍና በክፍያ ላስተዋውቃቸው ነው። ትንሽ ሳንቲም አለችኝ" አለ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ዓይን አለው። ግን የሚከፍለው ገንዘብ ምን እንደሚሠራ በደንብ የገባው አልመሰለኝም። ስልኩን ስዘጋ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ፌስቡክ ላይ ስትከፍል ነገሩ ግልጽ ነው። ድርጅቱ ገንዘብህን ይቀበላል፣ ፖስትህን ለብዙ ሰው ያሳያል። ከሰርክም ካተረፍክም ጉዳዩ ያንተ ነው። ስቲም ላይ ግን እንዲህ አይደለም። ስቲም እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረ ብሎክቼይን ነው፤ ለሁሉም የሚታይ፣ የተጻፈበት የማይፋቅ የጋራ መዝገብ በለው። እዚያ የሚለጥፍ ጸሐፊ ከአንባቢዎች ባገኘው ድምፅ ልክ ክሪፕቶ፣ ማለትም ዲጂታል ሳንቲም፣ ይከፈለዋል። ሃይቭ ደግሞ በ2020 ከእሱ ተገንጥሎ የወጣ ነው። ሁለቱም ላይ በየጊዜው አዲስ ሳንቲም እየተፈጠረ ወደ አንድ የሽልማት ቋት ይገባል። ከዚያ ቋት ነው ሁሉም የሚካፈለው።

ቅርጫ በለው። በሬው አንድ ነው። አንዱ ለአራጁ መቶ ብር አስጨብጦ መደቡን ቢያወፍር፣ ትርፉ ሥጋ ከሰማይ አልወረደም። ከጎረቤቱ መደብ ነው የተነሳው።

የድምፅ ቦት የሚባሉት፣ በክፍያ ድምፅ የሚሰጡ ፕሮግራሞች፣ ሥራቸው ይኸው ነበር። ድምፅ የሚመዝነው በያዝከው ሳንቲም ልክ ነው። ብዙ ሳንቲም ያላቸው ሰዎች የድምፅ ኃይላቸውን ለቦቱ ያከራያሉ። አንተ ለቦቱ ትከፍላለህ፤ የክፍያው ማስታወሻ ላይ የፖስትህን ሊንክ ትጽፋለህ። አንድ ሙሉ ድምፅ 2 በመቶ ያህል ኃይል ይበላል። ኃይሉ በቀን 20 በመቶ ይሞላል። ስለዚህ ቦቱ በየ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃው አንድ ሙሉ ድምፅ ይኖረዋል ማለት ነው። በዚያ ዙር የከፈሉት ሁሉ እንደየክፍያቸው ይካፈሉታል። ቦት ደግሞ አያነብም። ሌሊቱን ሙሉ ሲጽፍ ያደረውንም፣ የአንድ ስኒ ቡና ፎቶ አንስቶ "እንዴት አደራችሁ" ያለውንም እኩል ነው የሚያያቸው።

የቦቶቹ ገበያ በደራበት እ.ኤ.አ. በ2018 ገደማ ትሬንዲንግ የሚባለውን፣ ብዙ ሽልማት ያገኙ ፖስቶች የሚደረደሩበትን ገጽ ስትከፍት ከላይ የተደረደረው አብዛኛው የተገዛ ነበር። ፖስቱ ብዙ ዶላር ተጽፎበታል፤ ከስሩ ግን "ቆንጆ ፖስት፣ በርታ" ከሚል በቀር የሚረባ አስተያየት የለም። እኔን ከሁሉም ያናደደኝ ይሄ ነው። የጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ከላይ ያለው ነገር የተመረጠ ነው ብሎ የሚያምን አንባቢ ጠፋ።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2019 ስቲም ላይ ሕጉ ተቀየረ። ሒሳቡን ማየት ያስፈልጋል። ቀድሞ ከአንድ ፖስት ሽልማት 75 በመቶው ለጸሐፊው፣ 25 በመቶው ለድምፅ ሰጪዎቹ ነበር። ስለዚህ 4 ዶላር የሚያወጣ ድምፅ ብትገዛ 3ቱ ያንተ ነው። ለቦቱ የከፈልከው ከ3 በታች ከሆነ አተረፍክ። በአዲሱ ሕግ ግን ግማሽ በግማሽ ሆነ። ከዚያው 4 ዶላር የሚደርስህ 2 ብቻ ነው። በዚያ ላይ ለተቃውሞ ድምፅ የተወሰነ ነጻ ኃይል ተመደበ። ከዚያ በፊት ሌላውን የተቃወመ ሰው የራሱን ኃይል ነበር የሚያቃጥለው፤ ማን ይደክማል? ነጻ ሲሆን ግን የተገዛ ሽልማት እየፈለጉ የሚያወርዱ ሰዎች መጡ። ብዙዎቹ ቦቶች ወይ ተዘጉ ወይ ሥራ ቀየሩ። ምክር ያላቆመውን ሒሳብ አቆመው። አልተደነቅኩም።

ታዲያ መክፈል ሁልጊዜ ነውር ነው? አይመስለኝም። ከደሴ የሚጽፍ አዲስ ልጅ ተከታይ የለውም። ፖስቱ ሽልማት የሚሰበስበው ለ7 ቀን ነው። በዚያ ሳምንት ውስጥ ማንም ካላየው አለቀ። ጥሩ ሥራ ሠርቶ "እባካችሁ እዩልኝ" ቢል ምን ክፋት አለው? ክፋቱ ያለው የሚታየውን ሳይሆን የሚከፈለውን አስልቶ ሲገባበት ነው። ትርፍ ለማውጣት ብለህ የምትገዛው ድምፅ ማስታወቂያ አይደለም። ከቋቱ መዝገን ነው።

ንጹሑ መንገድ ስቲሚት በሚባለው የስቲም ድረ ገጽ ላይ ከጥንት የነበረው ነው። ሳንቲሙን "ናል" ወደሚባል አካውንት ትልካለህ። ያ አካውንት የማንም አይደለም፤ የገባበት አይወጣም፣ ተቃጠለ ማለት ነው። ብዙ ያቃጠለ ፖስት በማስተዋወቂያው ገጽ ላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ከጎረቤት መደብ አንድም ቁራጭ አይነሳም። እርግጥ ወደዚያ ገጽ ጎራ የሚል ሰው ብዙ አይደለም፤ ይህንንም ለልጁ ደብቄ አልነግረውም።

ድምፅ ልግዛ ካለ ደግሞ እኔ የምለው አለኝ። በትንሹ ይሁን፤ እንዲታይ እንጂ ከላይ እንዲቀመጥ አይደለም። ፖስቱ መጨረሻ ላይ "ይህን በክፍያ አስተዋውቄዋለሁ" ብሎ ይጻፍ። ቢደብቀውም አይደበቅም። ክፍያው ከነማስታወሻው ብሎክቼይኑ ላይ ተጽፎ ለሁሉም ይታያል፤ ሰው ሲያገኘው ከሚያፍር ራሱ ቢናገረው ይሻለዋል። ሰባተኛው ቀን ሊያልቅ ሲል መግዛት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። ያኔ አንባቢ ፍለጋ ሊሆን አይችልም፤ ማንም አይቶ ሳይቃወመው ሽልማቱን ይዞ ለመውጣት ነው። እና አስተያየት የሰጠውን ሰው ይመልስለት! ከፍሎ እንግዳ ጠርቶ በር ዘግቶ የሚተኛ ሰው አይገባኝም።

የወር ወጪውንም እንዳይነካ። ሳምንት ጠብቀህ የምትወስደው ሳንቲም ዋጋው በዚያው ሳምንት ሊወድቅ ይችላል። ደግሞ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ክሪፕቶን ለግብይት መጠቀም ሕገ ወጥ ነው ብሎ አስጠንቅቋል። ይህን ሳያውቅ "ዶላር ሠራሁ" እያለ ፒያሳ ላይ እንዳያወራ።

ይህን ሁሉ ሰብሰብ አድርጌ መልሼ ደወልኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ፎቶዎቹን በቴሌግራም እንዲልክልኝ ጠየቅኩት። አንዷ በጣም ታምራለች፤ ጀበና የሚሸጡ እናት፣ ፊታቸው በሙሉ ይታያል። ከስሯ የጻፈው ግን ሁለት መስመር ነው፦ "ሰኞ ገበያ፣ ደሴ። ውብ ቀን።"

"እሳቸውን አስፈቅደሃል?" አልኩት።

"ኧረ ጋሼ፣ ገበያ ላይ እኮ ነው።"

"ገበያ ላይ ያየሃቸው አንተ ነህ። አሁን ግን ሌላው ሁሉ እንዲያያቸው ልትከፍል ነው። ብሎክቼይኑ ላይ የወጣ ነገር ደግሞ ብታስተካክለው እንኳ የድሮው አይፋቅም።"

ትንሽ ዝም አለ። ስማቸውን አያውቅም። ጀበናው ከየት እንደሚመጣም፣ ስንት እንደሚሸጡትም አልጠየቀም። እኔ ብሆን ማንበብ የምፈልገው ግን ይህንኑ ነበር። በክፍያ የመጣ አንባቢ ሁለት መስመር አንብቦ ምን ይሠራል?

"ወላሂ እውነትህን ነው" አለ በመጨረሻ። ሰኞ ተመልሶ ሊያናግራቸው ነው። እሺ ካሉ ጽሑፉን እንደገና ይጽፈዋል። እሑድ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ እኔ ጋ ኮምቦልቻ ይመጣል፤ ያኔ ስንት ማውጣት እንዳለበት አብረን እናያለን። እምቢ ካሉ ሌላ ፎቶ አለው።