ጣሪያው ስንት ይሸከማል?

የአየር ላይ ትርዒት የምታሳየው ልጅ የምትወጣበትንና የምትንጠለጠልበትን ረጅም ጨርቅ ከጣሪያው ከመስቀሌ በፊት፣ አሰልጣኙን የጠየቅሁት ስለ ልጅቷ ክብደት አልነበረም። «ራሷን ወደ ታች ስትለቅ ስንት ሜትር ትወርዳለች? ጨርቁ ሲይዛትስ በምን ያህል ርቀት ትቆማለች?» አልሁት። ግራ ገባው። ወረቀት ላይ ሠርቼ አሳየሁት። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሜትር ተኩል በነፃ ወርዶ፣ ጨርቁ እየተለጠጠ በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢያቆመው፣ ማንጠልጠያው ላይ በአማካይ 240 ኪሎ ያህል ጭነት ያርፋል። የመቆሚያው ርቀት ወደ 25 ሴንቲሜትር ሲያጥር ጭነቱ 420 ኪሎ ይሆናል። ከፍተኛው ቅጽበታዊ ጭነት ደግሞ ከአማካዩም ይበልጣል። ስለዚህ የማይለጠጥ ጨርቅ ለመውጣት ቢመችም፣ ለእንዲህ ያለው ትርዒት አልመረጥሁትም፤ ጣሪያውንም ወገቧንም ይቀጣል።

ያለንበት አዳራሽ ሲሠራ ከጣሪያው ሰው ይንጠለጠላል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ቆርቆሮና ነፋስ እንዲችል የተሰላ ቀጭን ብረት ነው። መሐንዲስ ሳያየው አልነካም አልሁ። ክፍያው ቢያስከፋም ከሆስፒታል ይረክሳል። መሐንዲሱ ሁለት ጠንካራ ቢሞች (ጣሪያውን የሚሸከሙ አግዳሚዎች) መርጦልን ከሁለቱም ገመድ ወርዶ መሃል ላይ እንዲገናኝ ተስማማን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ገመዶቹ ሁለት ስለሆኑ ጭነቱን ግማሽ ግማሽ የሚካፈሉት ይመስለዋል። በመካከላቸው ያለው ማዕዘን 120 ዲግሪ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ገመድ ሙሉውን ጭነት ይሸከማል፤ ቢሞቹንም እርስ በርስ ይስባቸዋል። መገናኛውን ዝቅ አድርጌ ማዕዘኑን 60 ዲግሪ ሳደርገው የእያንዳንዱ ድርሻ ወደ 58 በመቶ ወረደ። አሰልጣኙ «ከፍታ ሰረቅኸን» ብሎ አጉረመረመ። እውነቱን ነው፤ ሰርቄያለሁ።

ካራቢነሩን፣ ማለትም ገመድና ጨርቅ የሚያያይዘውን ተከፍቶ የሚዘጋ የብረት ቀለበት፣ የመረጥሁት በላዩ ላይ ከተቀረጸው ቁጥር ነው። አንድ ኪሎኒውተን መቶ ኪሎ ገደማ ነው። ቁመቱን ተከትሎ ሲሳብ 25 ኪሎኒውተን የሚችለው፣ ወደ ጎን ከዞረ 7 ላይ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ከጨርቁ በላይ ተሽከርካሪ ማያያዣ አስገባሁ፤ ልጅቷ ስትሽከረከር ካራቢነሩ አይጣመምም። ቁጥር የሌለበት ካራቢነር ለቁልፍ መያዣ ይሁን።

አሁን ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት መቆለፊያውን ሁለት ሰዎች ያዩታል፤ አንዷ ራሷ የምትወጣው ናት። ጨርቁ ላይ ቅዳጅ ከተገኘ በዚያው ቀን በመቀስ ይቆረጣል፤ ዕቃ ቤት ከተቀመጠ አንድ ቀን የሚሰቅለው አይጠፋም። ቁራጩን ልብስ የምትሰፋልን ሴት ትወስደዋለች።