ኤፍ እኩል ይሆናል ኤም ኤ ከማለታችሁ በፊት ሰበቃን አስተምሩ

ይህን የምጽፈው ፊዚክስ ማስተማር ለጀመራችሁ፣ በተለይ ጎንደር ለተመደባችሁ ነው። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ብዙ ምልልስ ይቀርልኝ ነበር።

ፍጥነት አያስቸግርም። ሜዳው ላይ 50 ሜትር ለክታችሁ አሯሯጧቸው፣ በስልክ ሰዓት ያዙ፣ ርቀቱን ለጊዜው አካፍሉ። ስበትም ቀላል ነው። ትልቅና ትንሽ ድንጋይ አንድ ላይ ሲለቀቁ እኩል መሬት ሲነኩ ያያሉ።

ጣጣው ሰበቃ ላይ ነው፤ ማለትም የተነካኩ ነገሮች እርስ በርስ እንዳይንሸራተቱ የሚይዘው ጉልበት (ፍሪክሽን) ላይ። ተማሪዎቹ ጡብ በኒውተን ሜትር፣ ጉልበት በሚለካው ባለ ስፕሪንግ መሣሪያ፣ እየጎተቱ እንዲለኩ ፈለግሁ። ኒውተን ሜትሮቹ ንብረት ክፍል አሉ። ሞዴል 20 የሚባለውን የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ ሞላሁ። ፊርማ ጎድሎታል ተባልኩ። አስፈረምኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። ከስብሰባ ሲመለስ ደግሞ «መምህር፣ ስፕሪንጉ ቢላላ ከማን ደመወዝ ሊቆረጥ ነው?» አለኝ። ካርቶኑ ከመደርደሪያው ላይ ይታየኛል፣ ማሸጊያው እንኳ አልተቀደደም። ለተማሪ የተገዛ ዕቃ ተማሪ ካልነካው ለማን ሊሆን ነው? እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ምዕራፉ ሊያልቅ ሲል ተውኩት።

ያለ ኒውተን ሜትር ሠራነው፤ እንዲያውም የተሻለ ሆነ። ጡቡን ጣውላ ላይ አስቀምጡና የጣውላውን አንድ ጫፍ ቀስ እያላችሁ አንሱ። ጡቡ መንሸራተት ሲጀምር ጣውላውን እዚያው ያዙት። ከፍታውን ለአግድም ርቀቱ አካፍሉ። ከፍታው 40፣ አግድሙ 80 ሳንቲሜትር ከሆነ የስታቲክ ፍሪክሽን ኮፊሸንቱ፣ ማለትም ዕቃው ከመንሸራተቱ በፊት ሰበቃው ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ የሚያሳየው ቁጥር፣ 0.5 ነው።

«ሁለት ጡብ ብንደርብ ቶሎ ይወርዳል» ብሎ ክፍሉ ተንጫጫ። ደረብን። እዚያው ከፍታ አካባቢ ተንሸራተተ። ክብደት ሲጨምር ወደ ታች የሚጎትተውም የሚይዘው ሰበቃም በእኩል እጥፍ ያድጋሉ። ከኋላ የምትቀመጥ፣ ተናግራ የማታውቅ ልጅ መጥታ ከፍታውን የምንለካበትን ሜትር እኔ ካላነበብኩ አለች። ያን ቀን በሥራዬ ኮራሁ።

ሱፐርቫይዘሩ «በዕቅዱ ቅደም ተከተል ሂድ፣ የኒውተንን ሕጎች፣ ኤፍ እኩል ይሆናል ኤም ኤን ጭምር፣ አስቀድም» አለኝ። አልስማማም። ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ያየው መግፋት ሲቆም ዕቃውም ሲቆም ነው። ኒውተን በ1687 ያሳተመው ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገር የሚያቆመው ጉልበት ካላገኘው ይቀጥላል ይላል። የሚያቆመው ሰበቃ መሆኑን በእጁ ያልነካ ልጅ ይህን ሸምድዶ ይጽፋል እንጂ አያምንም።

ከዚያ በኋላ ባጃጅ አምጡላቸው። ደረቅ፣ ሜዳ አስፋልት ላይ፣ የሚንሸራተት ጎማ የሰበቃ ኮፊሸንት 0.7 ቢሆን፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባጃጅ ጎማው ከተያዘ በኋላ 3.5 ሜትር ገደማ ሄዶ ይቆማል። በ50 ቢሄድስ? አብዛኞቹ 7 ይላሉ። መልሱ 14 ነው፤ ርቀቱ የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። ከጎንደሩ ጎሃ ኮረብታ ቁልቁል ሲሆን ስበቱ ስለሚገፋው ከዚህም ይረዝማል፣ ዝናብ ካለ ይብሳል። እኔ ይህንኑ ፈተና ላይ አወጣለሁ፤ ቀመሩን ሳይሆን ምክንያቱን ለጻፈ ነው ሙሉ ነጥብ የምሰጠው።