ከኮቨንትሪ እስከ ጄኔቫ በአንድ ሌሊት

ዛሬ ስነቃ ጀምሮ ከፍቶኛል። ምክንያት የለውም። ኅዳር ሲገባ እንዲህ እንደሚያደርገኝ ታውቃላችሁ። አሥር ሰዓት ላይ ይመሻል፣ ዝናቡም አይዘንብም አያባራም። ቡናዬን ይዤ በመስኮት ሳይ፣ ጎረቤቴ ሽማግሌው የዚያችን የድሮ ኤምጂ መኪናቸውን ኮፈን ከፍተው ሞተሯ ላይ አጎንብሰዋል። ወጣ ብዬ ሰላም አልኳቸው። ፍሬኗ ነው ያስቸገራቸው። «ኖርማን ቢኖር ወዲያው ይነግረኝ ነበር» አሉኝ።

የአባቱን ስም አልጠሩም። አያስፈልግምም። የድሮ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ከሚወዱ ሰዎች ጋር የዋለ ሰው፣ ኖርማን ሲባል የትኛው ኖርማን ብሎ አይጠይቅም። ኖርማን ዴዊስ ነው። ከ1952 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ጃጓር በሚባለው የእንግሊዝ መኪና ፋብሪካ ዋና የሙከራ መሐንዲስ የነበረው። በ2019 ሰኔ ላይ፣ በ98 ዓመቱ ነው ያረፈው።

ቤት ከገባሁ በኋላም ከሐሳቤ አልወጣም።

ይህ ሰው የሚወደድበት ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። በዋንጫ አይደለም። ዋንጫው ላይ ያለው የሌሎች ስም ነው። በ1953 «ለ ማን» በሚባለው የፈረንሳይ የ24 ሰዓት ውድድር ላይ ጃጓር ሲያሸንፍ የነዱት ቶኒ ሮልትና ደንከን ሃሚልተን ናቸው። በዚያ ውድድር በአማካይ በሰዓት ከ100 ማይል በላይ ተነድቶ ድል ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር። እንደዚያ መንዳት የተቻለው ግን መኪናዋ መቆም ስለቻለች ነው። እንድትቆም ያደረጋት ደግሞ ኖርማን ነው፣ ያ አጭር የኮቨንትሪ ሰው፣ የጃጓር ፋብሪካ ካለባት ከተማ፤ ከጎማ ፋብሪካው ከደንሎፕ ሰዎች ጋር ሆኖ።

እስከዚያ ድረስ የነበረው የከበሮ ፍሬን ነው። ደጋግመህ ስትረግጠው ይግላል፣ ሲግል ደግሞ መያዙን ይተዋል። አዲሱ የዲስክ ፍሬን ግን ዲስኩ አየር ላይ ስለሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ደንሎፕ ለአውሮፕላን ሠርቶታል፣ መኪና ላይ ሲገባ ግን ሌላ ጣጣ አመጣ። የፍሬን ዘይቱ ይፈላል። ጎማው ኩርባ ላይ ሲንገዳገድ የፍሬን ሸራውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ከዚያ ስትረግጥ ፔዳሉ ባዶውን ወለል ድረስ ይወርዳል። ይህን ያወቁት ወረቀት ላይ አይደለም። አንድ ሰው በሙሉ ፍጥነት እየነዳ ረግጦት፣ እንዳልያዘ በእግሩ አውቆ፣ ተርፎ መጥቶ ስለነገራቸው ነው። በማግስቱ ያው ሰው ተመልሶ ይገባባታል።

በ1952 ኖርማን ሚሌ ሚሊያ በሚባለው የመንገድ ውድድር ላይ ከታዋቂው ተወዳዳሪ ከስተርሊንግ ሞስ ጎን ተቀምጦ ወጣ። ጣሊያን ውስጥ ከብሬሻ ሮም ደርሶ መልስ፣ 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ። አልጨረሱም። ሞስ በዚያው ሰኔ ፈረንሳይ ውስጥ ሬምስ ላይ አሸነፈ፣ ዲስክ ፍሬን ላላት መኪና የመጀመሪያው ድል ሆነ። ዛሬ መንገድ ላይ ያለ የቤት መኪና ከሞላ ጎደል ሁሉም ቢያንስ ከፊት ዲስክ ነው። ልጆቻችንን ትምህርት ቤት የምናደርስበት ሁሉ። ይህን ሳስብ ሰውዬውን ቆሜ ማመስገን ያምረኛል፣ ከልቤ ነው የምለው።

አስተዳደጉም ልቤን ይነካል። በ1920 ነው የተወለደው። በ14 ዓመቱ አባቱ ሞቶበት ትምህርቱን ትቶ መኪና ፋብሪካ ገባ። በጦርነቱ ጊዜ ብሌንሃይም በሚባለው ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ ተኳሽ ነበር። ያን አይቶ ለመጣ ሰው የሙከራ ሜዳው ቀላል መስሎት ይሆናል።

ቀላል ግን አልነበረም። በ1953 ጥቅምት ላይ ቤልጅየም ውስጥ፣ ያቤኬ በሚባል ቦታ ባለው አውራ ጎዳና፣ ኤክስኬ 120 በምትባል ጃጓር በሰዓት 277 ኪሎ ሜትር ገደማ ነዳ። ከላይ ጉልላት የመሰለ ክዳን ገጥመውበታል። እዚያ ውስጥ አጎንብሶ ተቀምጦ፣ ከውጭ ተዘግቶበት ነው የሄደው። በ1971 ደግሞ ኤክስጄ13 የምትባለውን አንድ ለእናቷ መኪና ለማስታወቂያ ፊልም ሲነዳ የኋላ ጎማዋ ከዳው። መኪናዋ እየተገለባበጠች ከመንገድ ወጣች። እሱ ሞተሩን አጥፍቶ ክሩስኮቶው ስር ተሸጎጠ። ቀበቶ እንኳ አልነበራትም። ከዚያ ሁሉ ብረት መሃል ደህና ሆኖ ወጣ።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚይዘኝ የጄኔቫው ነው።

መጋቢት 1961። ጃጓር ኢታይፕ የምትባለውን አዲስ ስፖርት መኪናውን ለዓለም የሚያሳይበት ሳምንት ነው። ጄኔቫ ያለችው አንድ የሙከራ መኪና ለጋዜጠኛውና ለገዢው ሁሉ አልበቃችም። የጃጓር መሥራችና አለቃ ሰር ዊልያም ላየንስ ኮቨንትሪ ደወሉ፤ ኖርማን ያለህበትን ሥራ ጥለህ ጣሪያዋ የሚከፈተውን መኪና አምጣ ተባለ። ያን ዕለት እንኳ ሙከራ ላይ ነበር። ማታ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል ተነሣ። ዶቨር ደርሶ በመርከብ ተሻገረ፣ ከዚያ ፈረንሳይን ሌሊቱን ሙሉ አቋረጠ። ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ጄኔቫ ገባ። የታርጋዋ ቁጥር 77 አርደብልዩ ነው። ይህን ቁጥር እንደ ልጃቸው የልደት ቀን የሚያስታውሱ ሰዎች አውቃለሁ።

ታሪኩ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚነገረው። ተነሣ፣ ደረሰ። ስልኩ አለ፣ መርከቡ አለ፣ መድረሱ አለ። መሃሉ የለም።

እኔ ቫን እየነዳሁ ሌሊት ነው የምሠራው። ስለዚህ መሃሉን አውቀዋለሁ፣ ወይም የማውቅ ይመስለኛል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ መንገዱ ሌላ ነገር ይሆናል። ያለፈ ንግግር ይመለሳል። ለሰው ያላልከውን ለራስህ ትላለህ። አንዳንዴ ጮክ ብለህ። ኖርማን ያኔ 40 ዓመቱ ነበር፣ እኔም እዚያው አካባቢ ነኝ። የእኔ ቫን ግን ማንም አይጠብቃትም። የእሱን መኪና ጄኔቫ ውስጥ ሰው ተሰልፎ ይጠብቃት ነበር።

በስተርጅናው ብዙ ዓመት ይህን ታሪክ ለክለብ ሰዎች ሲያወራ ኖሯል፣ በእንግሊዝም በአሜሪካም። ኒሻን ተሰጥቶት እንኳ፣ አሮጌ ጃጓር ይዞ ለመጣ ሁሉ ጊዜ ነበረው ይላሉ። ዘጠና ዓመት አልፎትም። ለዚህ ነው የወደዱት መሰለኝ። ግን ደግሞ አንድ ታሪክ ሃምሳ ዓመት ሲነገር ምን ይሆናል? እናቴ ከጎንደር በሱዳን አድርጋ የወጣችበትን መንገድ ስትነግረን፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቃል ነው። የት ላይ እንደምትስቅ እናውቃለን። የት ላይ ነጠላዋን እንደምታስተካክል እናውቃለን። ከዚያ ውጭ ያለው ሌሊት የት እንደገባ አላውቅም። ለእሷም ይታያት እንደሆነ አላውቅም።

ኖርማንስ? ሲያወራ የሚታየው መንገዱ ነበር ወይስ ያወራው ወሬ?

ሌላም አለ። እሱ ለሥራው ሲል መኪናን የሚያዳምጥ ሰው ነው። ጆሮው ሞተር ላይ፣ እግሩ ፍሬን ላይ፣ የሆነ ነገር እስኪሰበር የሚጠብቅ። በዚያ ሌሊት ደግሞ የያዛት ብዙዎች እስካሁን በውበቷ የሚምሉባትን መኪና ነው። ጣሪያዋ ሸራ፣ መንገዱ ባዶ። ሰዓት ቢያሳድደውም፣ ከዳርቻው እስከ ዳርቻው ከሥራ በቀር ምንም አላሰበም ብዬ ማመን ያቅተኛል። አንድ ቦታ ላይ ማዳመጡን ትቶ ዝም ብሎ በመንዳቱ ብቻ ተደስቶ ይሆን? ወይስ እስከ ጄኔቫ ድረስ ሥራ ላይ ነበር?