ያለ ስም የሚሰጥ ጎሚኒ

ለሰፈር ውለታ መመለስ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሕንጻና በእብነ በረድ ላይ የተቀረጸ ስም ነው። የጋራው ቧንቧ ግን ሌት ተቀን ያንጠባጥባል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለቀ ጎሚኒ፣ ማለትም ውስጡ ውሃውን የሚዘጋው ላስቲክ ነው፤ አጥብቆ መዝጋት ደግሞ ይብሱን ይቆርጠዋል።

መጀመሪያ ኃላፊውን አስፈቅዱ፤ ሳይጠይቁ መፍታት ጠብ ያመጣል። ዋናውን መዝጊያ ዝጉ፣ የቀረው ውሃ እንዲወጣ ቧንቧውን ክፈቱት፣ ከዚያ የቧንቧውን ራስ በመፍቻ ፍቱ። አዲሱን ጎሚኒ ከማስገባታችሁ በፊት ጎሚኒው የሚያርፍበትን መቀመጫ በጣት ዳብሱት። ከተቦረቦረ አዲስ ጎሚኒም አያቆመውም፣ ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ይቀየር። ያኔ በአዲሱ ቧንቧ ጥርስ ላይ ቴፍሎን (ውሃ እንዳያፈስ የሚጠመጠም ቀጭን ጥቅልል) ከ5 እስከ 8 ዙር፣ ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ ጠምጥሙ፤ በተቃራኒው ከሆነ ሲጠብቅ ይተረተራል።

ሦስት አራት ትርፍ ጎሚኒ፣ በዚያው መጠን፣ ለኃላፊው ትታችሁ ሂዱ።