ብር በወደቀበት ዓመት ቡና ልኬ ያየሁት

ይህን የምጽፈው "ወደ ቡና ኤክስፖርት ልግባ ወይ?" እያላችሁ ለምትደውሉልኝ ነው። በስልክ ማስረዳት ሰልችቶኛል። ፈቃድ አወጣጡን ማንም ይነግራችኋል። ምንዛሬ ሲዘል ቡናው ምን እንደሚሆን ግን ለእኔ የነገረኝ የለም። ስብሰባ ላይ ስንቀመጥ የምንሰማው ሁሌ አንድ ነው፦ ብር ሲረክስ ላኪ ይበረታታል፣ ገበሬ ይጠቀማል፣ ጥራት ይሻሻላል። የመጀመሪያው ልክ ነው። ሁለተኛውም በአብዛኛው ልክ ነው። ሦስተኛው ግን፣ ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት፣ እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው።

የወረቀቱን ነገር ቶሎ ልለፈው። ንግድ ፈቃድ፣ የብቃት ማረጋገጫ፣ ባንክ፣ ከገዢ ጋር ኮንትራት፣ ኮንትራቱን ማስመዝገብ። ያሰለቻል እንጂ አይከብድም። ገዢዬ ጀርመን አገር ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ድርጅት ነው። ሳምፕል ላኩለት፣ ወደደው። የታጠበ ይርጋጨፌ፣ ግሬድ 2 (የጥራት ደረጃ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቡናው ይሻላል)፣ አንድ ኮንቴይነር፤ ማለትም 60 ኪሎ የሚይዝ 320 ጆንያ፣ 19.2 ቶን። ዋጋውን በዶላር ቆርጠን ፈረምን።

ይህ ሁሉ ሲሆን ምንዛሬው ገና እየሮጠ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ወደ 75 ተጠጋ። ጳጉሜን ሳይገባ 100ን አለፈ። ታኅሣሥ ላይ ከ120 በላይ ነበር። በዚያ ላይ የኒውዮርክ የቡና ዋጋም አብሮ ይወጣ ነበር፤ የካቲት ላይ አንዱ ፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) ቡና ከ4 ዶላር በላይ ገባ። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ምንዛሬው ላይ አልጭንም። ሁለቱ ተደርበው ነው የመጡት።

ድሮ ጥሩ ነበር የሚል ካለ እንዳትሰሙት። ብር በግድ ተይዞ በነበረበት ጊዜ ብዙ ላኪ ቡና የሚልከው ዶላር ለማግኘት ብቻ ነበር። አገር ውስጥ በውድ ይገዛል፣ ውጭ በርካሽ ይሸጣል፣ የከሰረውን ከውጭ በሚያስገባው ብረትና ጎማ ላይ ያካክሰዋል። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ቅምሻ፣ ማለትም ቡናው ተቀምሶ ስለሚወጣው ጥራት፣ ምን ገዶት? ምንዛሬው ሲስተካከል እነዚህ ይወጣሉ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። የተወሰኑት ወጡም። በምትካቸው የመጣውን ግን አልጠበቅኩትም።

የመጣው ምን መሰላችሁ? ቡና የሚያስቀምጥ ሰው። አቅራቢው፣ ሰብሳቢው፣ ደላላው፣ በሕይወቱ ቡና ነግዶ የማያውቅ የከተማ ባለሱቅ ሳይቀር ብሩን አውጥቶ ቡና አስገባ። ከእኔ ጋር የተዋዋሉት አቅራቢ ጋሼ የምላቸው ትልቅ ሰው ናቸው። በፈረሱላ (17 ኪሎ) ዋጋ ተስማምተን፣ ቀብድ ከፍዬ፣ ቡናው ሲዘገይ ደወልኩላቸው። "ልጄ፣ አትቸኩዪ" አሉኝ። "ቡና ካለኝ ብር አለኝ። ብር ብቻ ካለኝ ግን ምን አለኝ?" ለዚህ የምመልሰው አልነበረኝም። እሳቸው ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው ባደረግኩ።

ችግሩ ቡና ወርቅ አይደለም። መጋዘን ውስጥ ያረጃል። ቀለሙ ይነጣል፣ ሽታው ይሄዳል፣ ሲቀመስ የጆንያ ጣዕም ያመጣል። ካለፈው ዓመት የተረፈው ደግሞ አዲሱ ሲደርስ እንደ አዲስ እንዲሸጥ ይደባለቃል። የታጠበ ቡና ከገጠር የሚመጣው ከነቅርፊቱ ስለሆነ፣ ቅርፊቱ እስካልተነሳ ድረስ አሮጌውና አዲሱ በዓይን አይለይም። ይህን አስምሩበት።

ታች ያለው ደግሞ ሌላ ነው። ቀይ እሸት በሦስት በአራት ዙር መለቀም አለበት። ዋጋ ጠዋት ሌላ፣ ከሰዓት ሌላ ሲሆን ግን ዙር የሚጠብቅ የለም። ሌባም አለ፤ ገበሬው ዛፉ ላይ ካቆየው ሌሊት ይለቀምበታል። ስለዚህ ቀዩም አረንጓዴውም አንድ ላይ ይሸመጠጣል። ሳይቶቹ፣ ማለትም እሸቱን ገዝተው የሚያጥቡት ጣቢያዎች፣ ለእሸት ስለሚሻሙ የመጣውን ሁሉ ይቀበላሉ፤ "አረንጓዴ አለው" ብሎ የመለሰ ሳይት ገበሬው ነገ ጎረቤቱ ጋ ይሄድበታል። ጥሬው ፍሬ ሲቆላ ፈዞ ይቀራልና የገዢው መቁያ ውስጥ ራሱን ያጋልጣል።

ቡናው የሚሰጣበት አልጋ ላይም እንደዚያው። የታጠበ ቡና እንደ አየሩ ሁኔታ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት መድረቅ አለበት። ቀድሞ የሚነሳው ግን በሁለት በኩል ያተርፋል፤ ቶሎ ይሸጣል፣ ውሃውም ይመዘንለታል። አስሉት። ከሚፈለገው 11.5 በመቶ እርጥበት 2 በመቶ ቢበልጥ፣ ከአንድ ኮንቴይነር ወደ 384 ኪሎው ውሃ ነው። ከ22 ፈረሱላ በላይ ውሃ በቡና ዋጋ ገዛሁ ማለት ነው።

ቡናው በመጨረሻ አዲስ አበባ ደረሰ። ተፈለፈለ፣ ተመረመረ። ግሬድ 2 የተባለው ግሬድ 4 ሆኖ ወጣ። እርጥበቱ ከፍ ያለ፣ ፍሬው ዥንጉርጉር፣ ቅምሻው ላይ "ያረጀ" የሚል ተጽፎበታል። ሳምፕሉ ንጹህ እንደነበር እምላለሁ፤ ለሳምፕል የሚሰጣችሁ ሁሌም ንጹህ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ያንገበግበኛል። ኮንትራቱ ለግሬድ 2 ነው የተመዘገበው፣ ያለኝ ግሬድ 4 ነው። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልከኛል፣ ሌላው መልሶ ይልከኛል። አንድ ኃላፊ፣ ስማቸውን አልጠራም፣ ወንበር እንኳ ሳይጋብዙኝ "እህቴ፣ ምንዛሬው የተስተካከለው ለእናንተ ነው፣ ደግሞ ምን ያማርራችኋል?" አሉኝ። እኔ ስለ ቡና ነው የመጣሁት፣ እሳቸው ስለ ዶላር ይመልሱልኛል። ጥራት የማን ሥራ እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ "የሁላችንም" አሉ። የሁላችንም ማለት የማንም ማለት መሆኑን እዚያ ቢሮ ውስጥ ነው በደንብ የገባኝ።

ቡናውን ሸራ ላይ አሰጥተን እርጥበቱን አወረድን። ለቃሚዎቹ ሴቶች የነጣውን ፍሬ አንድ በአንድ አወጡ። እርጥበት ይስተካከላል፣ እርጅና ግን አይስተካከልም። የተሻለውን ክፍል ለጀርመኑ ላክን፣ የቀረውን ለሌላ ገዢ በግሬድ 4 ዋጋ ሸጥን።

አሁን የምነግራችሁን ከማንም አትሰሙም። በብር አተረፍኩ። ደህና አድርጌ ነው ያተረፍኩት። በምሳሌ ላሳያችሁ፦ ጥሩ ቡና ፓውንዱ 3 ዶላር ቢሸጥ በ57 ብር ምንዛሬ 171 ብር ነው። የተበላሸ ቡና ተቀጥቶ በ2.60 ቢሸጥ እንኳ በ120 ምንዛሬ 312 ብር ይሆናል። የጥራት ቅጣቱ ብሩ ውስጥ ሰምጦ ይጠፋል። ለዚህ ነው ማንም የማይደነግጠው። ሂሳብ ሠራተኛዬ ሪፖርቱን ይዛ ስትመጣ ትስቅ ነበር። ጀርመኑ ግን በብር አይደለም የሚያስበው፣ በሚቀጥለው ዓመት ከሌላ አገር ገዛ።

ሌላው የማይነገረው ብድር ነው። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ባንኮች የሚሰጡት ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ተገድቦ ነበር፤ ከምንዛሬው ለውጥ በኋላ መጀመሪያ ከፍ የተደረገው ወደ 18 ብቻ ነበር። ያንኑ ኮንቴይነር ለመሙላት የሚያስፈልገው ብር ግን እጥፍ ሆኗል። ገንዘብ ያጠረው ላኪ አይመርጥም፣ በዱቤ የሰጠውን ይወስዳል። በዱቤ የሚሰጥ ደግሞ ጥሩ ቡናውን አይሰጥም።

ታዲያ አሁን እንዴት ነው የምሠራው? "ኮንትራት ቶሎ አስመዝግቡ" ይሏችኋል። እኔ ቡናው እጄ ሳይገባ ቁርጥ ዋጋ አልፈርምም። ከገዢ ጋር የምስማማው ከኒውዮርክ ዋጋ ላይ ምን ያህል እንደምጨምር ብቻ ነው፣ ቁርጡ በኋላ ይመጣል። ቀስ ይላል፣ ይሁን።

ለሳይቱ በሁለት እከፍላለሁ። የመጀመሪያውን እሸት ሲገባ፣ ሁለተኛውን ከቅምሻ በኋላ፣ ዶላሩ በገባበት ቀን ምንዛሬ። እንዲህ ሲሆን ቡናውን ደብቆ ማቆየት ለእሱም አያዋጣውም፣ የብሩን መውደቅ አብረን ነው የምንጋራው። ባንኬ ይህን ሲሰማ "አደጋ አለው" አለኝ። የነሱ መንገድ አደጋ ከሌለው ግሬድ 4 ከየት መጣ?

የእርጥበት መለኪያ ግዙ፣ የራሳችሁን። ከእያንዳንዱ ጆንያ በመውጊያ ቀድታችሁ፣ መኪናው ላይ ሳይጫን እዚያው ፈልፍላችሁ እዩ። አቅራቢው ይከፋዋል፣ ይክፋው። ከዶላሩ በሂሳባችሁ እንድታቆዩ በሚፈቀድላችሁ ድርሻ መጀመሪያ አየር የማያስገባውን የውስጥ ከረጢትና የአልጋውን መረብ ግዙ፤ ሁለቱም ከምንዛሬው ጋር ነው ዋጋቸው የጨመረው፣ ሳይቶቹም መጀመሪያ የሚቆጥቡት እነሱን ነው።

ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ሙሉ ኮንቴይነር አትያዙ። ከሌላ ላኪ ጋር ተጋርታችሁ 50 ጆንያ ላኩ። ጋሼ ባለፈው ደውለው "ጥሩ ቡና አለኝ" አሉኝ። "ሳምፕሉን ይተዉት፣ መጋዘኑን ያሳዩኝ" አልኳቸው። "አስብበታለሁ" ብለዋል።