ሞተሩን አጥፉት፣ ሰው እንስማ

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ እየተንቀጠቀጠ ሰዉ ቤቱን ጥሎ ሲወጣ፣ ድሬዳዋ ላይ እኛም ሌላ ወሬ አልነበረንም። ሾፌሮቻችን ወደ አዲስ አበባ የሚመላለሱት በዚያው በኩል ነው። እኔ የምሠራው አንድ ፋብሪካ ውስጥ፣ በሥራ ደህንነት ክፍል ነው። አለቆቼ ሠራተኛውን ስለ መሬት መንቀጥቀጥ አሠልጥን አሉኝ።

ምግብ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን። ሲንቀጠቀጥ አትሩጡ፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ስር ግቡ፤ ጭንቅላታችሁን ከልሉ፤ ከመስታወትና ከመደርደሪያ ራቁ። ይኼን ሰዉ ቶሎ ያዘው። ክርክሩ የተነሣው ፍርስራሽ ስር የቀረውን ማን ያወጣዋል ስል ነው።

"እሳት አደጋ ነዋ!" አለ አንዱ።

የጃፓኗን ኮቤን ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሊነጋ ሲል ከተማዋ ተመታች፤ ከ6,400 በላይ ሰው ሞተ። በሕይወት የወጡትን አብዛኞቹን ያወጧቸው ግን ጎረቤትና ቤተሰብ ናቸው። መንገዱ ተዘግቶ፣ የውሃ ቧንቧው ተሰባብሮ፣ እሳት አደጋው የቱ ጋ ይድረስ? ሜክሲኮ ሲቲም እ.ኤ.አ. በ1985 እንደዚሁ ነው። ተራ ወጣቶች በባዶ እጃቸው ፍርስራሽ ውስጥ እየገቡ ሰው አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከተማዋ በዚያው ቀን፣ ሴፕቴምበር 19፣ ዳግም ስትመታ፣ ፍርስራሹ ላይ የቆመ ሰው እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ሲያነሣ ሁሉም ጸጥ ይል ነበር። ማሽኑም ይጠፋል። ከስር የሚያንኳኳ ካለ እንዲሰማ ነው።

ይኼን ስናገር ጋሼ ከኋላ ተነሡ። የሌሊት ጥበቃችን ናቸው፤ ብዙ አያወሩም።

"የደቻቱን ሌሊት ታውቀዋለህ?" አሉኝ።

ድሬ ውስጥ የማያውቀው ማን አለ? የከተማውን ሰፈሮች፣ ከዚራንና መጋላን፣ የሚለየው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ግን የሐረርጌ ደጋ ዝናብ ሌሊት ደራሽ ሆኖ ወረደ። ከተማው ተኝቶ ነበር። ከ250 በላይ ሰው ሞተ።

"ያኔ ከገጠር ገና መምጣቴ ነው" አሉ ጋሼ። "ውሃው ደረቴ ጋ ሲደርስ አንድ ሰው ከግንብ ላይ ሽርጥ ጣለልኝ። ሦስት አራት ሽርጥ ተቋጥሮ። ጎትቶ አወጣኝ። አቦ፣ ስሜን እንኳ አልጠየቀኝም! ላይ ያለው ሁሉ የሰዉን ስም እየጠራ ይጮሃል። ሰውዬው 'ስለ አላህ ዝም በሉ!' አለ። ዝም ስንል ከጎን ግቢ የልጅ ለቅሶ ሰማን። አንዱ ወገቡን በሽርጡ ታስሮ ወረደ። ልጅቷንም እናቷንም አወጣናቸው።"

ሲነጋ አንዲት ሶማሌ እናት ሁሉንም ቤቷ አስገባቻቸው። ለጋሼ የባሏን ልብስ አለበሰቻቸው። "ቋንቋዋን አልችልም፣ የኔንም አትችልም። ሻዩን ግን ሁለቴ ቀዳችልኝ" አሉ። ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ። እኛም ትንፍሽ አላልንም።

ከዚያ አንድ የጥገና ልጅ፣ "እኛ ጋ ኮምፕረሰሩ እየጮኸ ማን ማንን ይሰማል?" አለ። እኔ በዚህ ሥራ ብዙ ጥያቄ ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ልክ የሆነ ጥያቄ ግን ብዙ አላጋጠመኝም። በፋብሪካው ደንብ ያለ ፈረቃ ኃላፊ ፈቃድ ሞተር ያጠፋ ይቀጣል። ኃላፊው ራሱ ከስር ቢሆንስ?

በልምምዱ ቀን አንዱን ልጅ ከጆንያው ክምር ጀርባ ደበቅነው። ተይዤያለሁ ብሎ ቧንቧውን በብረት ይመታል። መጮህ አቧራ ያስውጣል፣ ጉልበትም ይጨርሳል፤ ማንኳኳት ይሻላል። ሞተሮቹ እየሠሩ ማንም አልሰማውም። ጋሼ ክንዳቸውን ወደ ላይ አነሡ። ኮምፕረሰሩ ጠፋ። ቀድማ የሰማችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ "እዚያ ጋ!" ብላ ሮጠች። ከልጁ ጋር ከዚያ በፊት አንድም ቀን አውርተው አያውቁም።

የምርት ክፍሉ "ማንም እየተነሣ ያጠፋብናል" ብሎ ተከራከረ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ግን አልለቀቅኳቸውም። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ፈረሙ። አደጋ ሲደርስ ማንኛውም ሠራተኛ፣ የቀን ሠራተኛም ቢሆን፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ሞተር ማጥፋት ይችላል። ደብዳቤው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ተጽፎ ኮምፕረሰሩ ክፍል በር ላይ ተለጥፏል።